ሐይቅ ዳር ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐይቅ ለመሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ምሳ ነው። ዓሣው የት ይጣፍጣል? የቱ ሪዞርት ጥሩ መዋኛ አለው? እሱም ደስ ይላል። ግን ሐዋሳ ሦስት ቀን ሰንብቶ ሐይቁን በቅጡ ሳያየው የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በእግሩ መዞር፣ ወፍና አራዊት ማየት፣ ውኃ ዳር ቁጭ ብሎ መተንፈስ ለሚፈልግ ሰው ናቸው።

አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ። ከአዲስ አበባ የት ልሂድ?

ቢሾፍቱ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፈጣን መንገዱ ብትወጡ ሰው ቁርሱን ሳይበላ ደርሳችኋል። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ኩሪፍቱ፣ ጨለለቃ ሁሉም ከተማው ውስጥና ዙሪያው ናቸው። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ውኃ ሲሞላበት የተፈጠሩ ናቸው። ጠርዙ ላይ ቆማችሁ ሐይቁን ቁልቁል የምታዩት ለዚህ ነው።

ለእግር ጉዞ እኔ ሆራን እመርጣለሁ። ባቦጋያና ኩሪፍቱ ዳር አብዛኛው ቦታ በሆቴልና በግል ግቢ ተይዟል፤ ወደ ውኃው ለመቅረብ አንዱ ጋ ገብቶ ቡና ማዘዝ ግድ ይላል። ለወፍ ከሆነ ግን ጨለለቃ ሂዱ። ሲያዩት ሐይቅ አይመስልም። ጥልቀት የለውም፣ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይሸሻል። ወፎቹ የሚወዱት ግን ይህንኑ ጭቃውን ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ እሬቻ ይከበራል። በዚያ ሰሞን የምትሄዱ ከሆነ ለበዓሉ ብላችሁ ሂዱ። ለወፍ ሌላ ቀን አለ።

ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢኖረኝስ?

የስምጥ ሸለቆውን መንገድ ያዙ። ዝዋይ (ደምበል)፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ፣ ሐዋሳ በአንድ መስመር የተደረደሩ ያህል ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጉዞ ለማዳረስ አትሩጡ። ሁለቱን መርጣችሁ ቀስ ብላችሁ እዩ። ሩጫ የበዛበት ጉዞ ከመኪና መስኮት ሌላ ትዝታ አይኖረውም።

ተራራ ለሚወድ ደግሞ ወንጪ አለ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል። ስለሱ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

ስንት ሰዓት ልድረስ?

ከዚህ ሁሉ ጥያቄ አንዱን ብቻ መልስ ብባል ይህንን እመልሳለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲሆን ውኃው ዳር ቆማችሁ ተገኙ። ቢዘገይ ቢዘገይ 1 ሰዓት።

ጠዋት ነፋስ የለም፤ ውኃው እንደ መስታወት ይተኛል። ወፎቹ ሌሊቱን ሳይበሉ አድረው ስለሚነሱ በርትተው የሚመገቡበት ሰዓት ነው። 3 ሰዓት አካባቢ መሬቱ ሲሞቅና ሞቃት አየር ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር ትልልቆቹ፣ ማለትም ፔሊካኑ፣ አባ ኮዳው፣ ንስሩ፣ በዚያ አየር ላይ ተንሳፍፈው ይሄዳሉ። 5 ሰዓት ላይ የሚደርስ ሰው ባዶ ዳርቻ ያገኝና «እዚህ ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። ነበረ እኮ፤ አመለጠው እንጂ።

ዝዋይ ሐይቅ ዳር ባለችው ባቱ ከተማ፣ ጀልባ ማቆሚያው ላይ አንድ ጠዋት ያየሁትን ልንገራችሁ። ገና ብርሃን እየፈነጠቀ ነው። ፔሊካኖቹ አሥራ ምናምን ሆነው ግማሽ ክብ ሠሩ። ቀስ ብለው ወደ ዳር ቀዘፉ። ከዚያ አንድ ሰው ያዘዛቸው ይመስል ሁሉም በአንድ ጊዜ ጭንቅላታቸውን ውኃ ውስጥ ነከሩ። ቀና ሲሉ መንቁራቸው ሥር ያለው ከረጢት ተወጥሮ ውኃ ያንጠባጥባል። ደግመው ቀዘፉ፣ ደግመው ነከሩ። ዓሣውን እየከበቡ ወደ ጥልቀት አልባው ዳርቻ መንዳታቸው ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል አየኋቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲጎትቱ ትርዒቱ አበቃ፤ ወፎቹም ወደ ትራፊው ሄዱ።

ማለዳ ካልሆነላችሁ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ ጀምበር መጥለቂያ ያለው ሰዓት ሁለተኛው ምርጫ ነው። ግን ያን ጊዜ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ነፋስ ይኖራል። ደግሞ ከጨለማ በፊት ከዳርቻው መነሳት አለባችሁ፤ ምክንያቱን ጉማሬ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከጥቅምት እስከ የካቲት። ዝናቡ ቆሟል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ወፎችም እዚሁ ናቸው። ከመስከረም ጀምሮ ይገባሉ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። ክረምት ላይ መሄድ ክልክል አይደለም። አረንጓዴው ልብ ይሰርቃል። ጭቃው ግን ጫማም መኪናም ይይዛል።

ስለ ወፍ ምንም አላውቅም። ምን አያለሁ?

ማወቅ አያስፈልግም፤ ማየት ነው የሚያስፈልገው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ያንን ሁሉ በስም ለመለየት ዕድሜ አይበቃም። በአምስት ጀምሩ።

መጀመሪያ አባ ኮዳ። ሐዋሳ አሞራ ገደል (የዓሣ ገበያው) ወይም ባቱ ጀልባ ማቆሚያ ሂዱና እንደ ሰው ቆሞ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከግማሽ ይደርሳል። ራሱ መላጣ የሆነው በድን ውስጥ ራሱን ከትቶ ስለሚበላ ነው፤ ላባ ቢኖረው ይቆሽሽበት ነበር። እግሩ ነጭ የሚመስለው ደግሞ የራሱን ኩስ ስለሚለቅበት ነው። ፈሳሹ ሲተን እግሩን ያቀዘቅዝለታል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ቀኑን ሙሉ ከእሱ አይላቀቁም።

ሁለተኛ ዓሣ የሚያድነው ነጭ ራስ ንስር። ሐይቅ ዳር ካለ ግራር ጫፍ ላይ ፈልጉት። ራሱን ወደ ኋላ ወርውሮ ነው የሚጮኸው። ድምፁን አንዴ ከሰማችሁት ከሌላ አታምታቱትም። ሲያድን እንደ ሌሎቹ ውኃ ውስጥ አይጠልቅም፤ ዝቅ ብሎ ይመጣና እግሩን ብቻ ነክሮ ዓሣውን ይዞ ይነሳል።

ሦስተኛ ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ጥቁርና ነጩ። በአየር ላይ አንድ ቦታ ክንፉን እያርገበገበ ይቆምና እንደ ድንጋይ ይወድቃል። አራተኛ ጃካና፦ ጣቶቹ በጣም ረጃጅም ስለሆኑ ውኃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ይራመዳል። አምስተኛ ፔሊካን።

እነዚህን አምስቱን ከለያችሁ በኋላ ስድስተኛው ራሱ ይመጣል።

ባይኖኩላር የግድ ነው?

የግድ አይደለም፤ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ከሰው ተዋሱ። ከገዛችሁ 8x42 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ። 8 ማለት ስምንት ጊዜ ያቀርባል፤ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ ማለዳ ላይ በቂ ብርሃን ያስገባል። 20 ጊዜ ያቀርባል እየተባለ የሚሸጠውን ተዉት። በእጅ ሲያዝ ስለሚንቀጠቀጥ ምንም አያሳይም።

አብያታ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ፍላሚንጎዎች አሉ ሲባል ሰምቼ ሄድኩ፤ ያገኘሁት ግን ጥቂት ነው። የት ሄዱ?

ይህ ጥያቄ ልቤን ይነካዋል። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ሲከለል ዋናው ምክንያት የውኃ ወፎቹ ነበሩ። ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ናቸው፣ ባሕርያቸው ግን ለየቅል ነው። ሻላ ጥልቅ ነው፤ 266 ሜትር ይደርሳል፣ ደሴቶችም አሉት። አብያታ ጥልቀት የለውም። ፔሊካኖቹ ሰውም አውሬም የማይደርስባቸው የሻላ ደሴቶች ላይ ይፈለፍሉ ነበር። ሻላ ውስጥ ግን የሚበቃ ዓሣ የለም። ስለዚህ በሞቃት አየር ላይ ተንሳፍፈው ወደ አብያታ ይሻገሩና ለጫጩቶቻቸው ዓሣ ይዘው ይመለሱ ነበር። መኝታ ቤቱ እዚህ፣ ማዕድ ቤቱ እዚያ።

ከዚያ ማዕድ ቤቱ ደረቀ። ወደ አብያታ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ነው የሚነሳው። ላይኛው ተፋሰስ ላይ ለመስኖ ብዙ ውኃ ይጠለፋል። ከራሱ ከአብያታም ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ጨው) ምርት ውኃ ተስቧል። ሐይቁ ግማሽ ያህል ስፋቱን አጥቷል። ውኃው ሲያንስ ጨውና ሶዳው ይበረታል፤ ዓሣው አልቻለውም። ዓሣ ሲጠፋ ፔሊካኑም ተበተነ።

ፍላሚንጎ የሚመገበው ሌላ ነገር ነው። መንቁሩን ገልብጦ ሶዳማ ውኃ ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አልጌ ያጣራል፤ ሮዝ ቀለሙም የሚመጣው ከዚያ ምግብ ነው። ስለዚህ አሁንም ይመጣል። ቁጥሩ ግን ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ምግቡ ወዳለበት ሌላ ሶዳማ ሐይቅ ይበራል። አንድ ቀን ጥቂት አያችሁ ማለት ሁልጊዜ ጥቂት ናቸው ማለት አይደለም።

እባካችሁ መኪና ይዛችሁ ወደ አብያታ ውኃ አትጠጉ። ውኃው የሸሸበት ሜዳ ከላይ ነጭና ደረቅ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ማጥ ነው። አብሮን የሄደ አንድ ወዳጃችን ለፎቶ ብሎ ሃምሳ ሜትር ገባ። ጎማው እስከ ግማሹ ሰመጠ። የአካባቢው ወጣቶች በገመድ ጎትተው እስኪያወጡን ከሰዓት ሆነ። መኪናውን ጠንካራ መሬት ላይ አቁሙና ከፓርኩ ጠባቂ ጋር በእግር ሂዱ።

መዋኘት ይቻላል?

እንደ ሐይቁ ነው። ትልቁ ጥያቄ ቢልሃርዚያ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ትል ቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ ወደ ውኃው ይወጣል። የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል። መቁሰል አያስፈልግም፤ ውኃውን መጠጣትም አያስፈልግም። እግር ነክሮ መቆም ይበቃል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ንጹሕ፣ ረጋ ያለ፣ ሣርና ደንገል ያለበት ዳርቻ ነው። ዝዋይ፣ ሐዋሳና ጣና ላይ ቢልሃርዚያ አለ። እዚያ አትግቡ ነው ምክሬ።

ሰዉ በብዛት የሚዋኘው ላንጋኖ ነው። ውኃው ቡናማ ስለሆነ ብዙዎች ቆሻሻ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ በጣም ደቃቅ አፈር ስለተንሳፈፈበት ነው። ቀንድ አውጣውም ያን ድፍርስ ውኃ አይመቸውም። ይህ ግን ለክፍቱ አሸዋማ ዳርቻ ነው እንጂ ወደ ሐይቁ ለሚገቡት ጅረቶችና ሣር ለበዛባቸው ጥጎች አይሠራም።

የቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ ሌላ አደጋ አለ፦ ጥልቀት። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ጉድጓድ ስለሆነ ዳሩ ቀስ እያለ አይወርድም፣ ድንገት ነው የሚከዳው። ዋና የማይችል ሰው ወገቤ ድረስ ብቻ ብሎ አይግባ።

ገብታችሁ ከሆነና ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ ማሳከክ፣ የሆድ ሕመም ወይም ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ካያችሁ ለሐኪሙ ሐይቅ ውስጥ እንደገባችሁ ንገሩት። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በአፍ የሚዋጥ። ሐኪሙ ካልተነገረው ግን ሌላ በሽታ ሊመስለው ይችላል።

ጉማሬና አዞ ያሰጋሉ?

አዎ፣ ያሰጋሉ። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ተኝቶ ሲታይ የዋህ ይመስላል። ሲመሽ ሣር ፍለጋ ይወጣል፤ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ግራም ያህል ሣር ይበላል። ጎሕ ሲቀድ ይመለሳል። ሰው የሚገደለው አብዛኛውን ጊዜ በእሱና በውኃው መካከል ሲገባ ነው። የሚሸሽበት መንገድ ተዘጋበት ማለት ነው፤ ስለዚህ በላያችሁ ላይ ይሄዳል። ሰፊ ሆኖ የተረገጠ፣ ከውኃው ወደ ሣሩ የሚወጣ መንገድ ካያችሁ የጉማሬ ነው። እዚያ ላይ አትቀመጡ፣ ድንኳን አትትከሉ። ማለዳ ድረሱ ያልኩት ሰው ወደሚንቀሳቀስበት፣ ዓሣ አጥማጆች ወዳሉበት ዳርቻ ነው እንጂ ብቻችሁን ደንገል ውስጥ ግቡ ማለቴ አይደለም።

አዞ ለማየት ጫሞ ነው የሚኬደው፣ ከአርባ ምንጭ በጀልባ። «የአዞ ገበያ» የሚባለው ዳርቻ ላይ ጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ ይወጣሉ፤ ግንድ የተጋደመ ነው የሚመስለው። ጫሞ ላይ እጅ ከጀልባው ውጭ አይሰደድም። አባያም እንደዚያው።

ጀልባ ስንከራይ ምን እንይ?

ነፍስ አድን ጃኬት በሰው ልክ አለ ወይ? ከሌለ አትሳፈሩ። ቢኖርም መልበስ ያሳፍራል የሚል ሰው አይጠፋም፤ አትስሙት። ጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት ነፋሱ ሞገድ ያነሳል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ነው፣ ሞገዱም እንደ ስፋቱ ነው። ዋጋውን፣ ሰዓቱንና የት የት እንደሚያደርሳችሁ ሳትነሱ ተነጋገሩ። ባለጀልባው ወደ ጉማሬ እንዲጠጋ ደግሞ አትገፋፉት። ለጉርሻ ሲል ይጠጋል።

ልጆች ይዤ የት ልሂድ?

ሐዋሳ። የሐይቁ ዳር መንገድ ለእግር ምቹ ነው፣ ጥላ አለው። አሞራ ገደል ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ሲመጡ ልጆቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲለዩ ታያላችሁ። ዛፉ ላይ ጉሬዛዎች አሉ፦ ጥቁርና ነጭ፣ ጅራታቸው እንደ ጭራ የሚወዛወዝ። ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ነጩ ጸጉር እንደ ካባ ይዘረጋል። የደከማቸው ልጆች ካልሆኑ ከሰዓት ታቦር ተራራ ላይ ወጥታችሁ ከተማውንና ሐይቁን አንድ ላይ እዩ።

ጦጣዎቹን ብመግብ ምን ችግር አለው?

አትመግቡ። ሙዝ የለመደ ጦጣ በሚቀጥለው ቀን ከልጅ እጅ ይነጥቃል። ይነክሳልም። ጥርሱ ቀላል አይደለም።

ረዥም የእግር ጉዞ እፈልጋለሁ።

ወንጪ። ከጠርዙ ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ በእንሰት ጓሮዎችና በማሳዎች መካከል ያልፋል፤ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ወንጪ ነው። ቦታው ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ማለዳ ብርዱ ይጠብሳል። መውረዱ ቀላል ነው፣ መውጣቱ ላይ ነው ጉልበት የሚፈተነው። ካልቻላችሁ ፈረስ ይከራያል። የሰፈሩ አስጎብኚ ያዙ፤ መንገዱን ያሳያችኋል፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል።

ምን ይዤ ልሂድ?

ውኃ፣ ኮፍያ፣ የማይንሸራተት ጫማ፣ ለማለዳ ሹራብ። አረንጓዴ ወይም አፈርማ ልብስ ልበሱ፤ ቀይና ነጭ ልብስ ወፍ ያስበረግጋል። ስምጥ ሸለቆ ከሆነ የወባ ትንኝ መከላከያም አትርሱ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ። መታወቂያም ያዙ። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ ሌሊት አትንዱ።

ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

ሐይቁንና ወፉን አዎ። ሰውን አስፈቅዱ፤ ዓሣ አጥማጁ ሥራ ላይ ነው። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል መቀመጫ ስለሆነች ወደዚያ አቅጣጫ ካሜራ አትደግኑ። ድሮን ያለ ፈቃድ የትም አይበርም። ወፍ ጎጆው ላይ ካለ ደግሞ ለፎቶ ብላችሁ አትጠጉ። እናቲቱ ከተነሳች እንቁላሉ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል።

እኔ አንድ ሰው ቆሻሻዬን ይዤ ብመለስ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ባቱ ላይ አንድ አባ ኮዳ እግሩ በናይሎን የዓሣ ክር ተተብትቦ በአንድ እግሩ ሲያነክስ አይቻለሁ። ክሩ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ለመያዝ ሞከርን፣ በረረብን። ያ ክር አንድ ሰው የጣለው ነው፤ የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነበር የጣለው። ስለዚህ ሁለት ባዶ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፦ አንዱ ለራሳችሁ ቆሻሻ፣ ሌላው መንገድ ላይ ለምታገኙት ክርና ላስቲክ።

ሐይቅ ደግሞ ይሞታል። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከብት ሲሰማራበትና ሲታረስ በዓይናችን አይተናል። ከዓመታት በኋላ ውኃው መመለስ ሲጀምር ወፎቹም አብረው መጡ።